ስሙ ጥያቄ የነበረ ልጅ

የማንያዘዋልን ሞት የሰማሁት ምስር እየለቀምኩ ነው። የደወለልኝ ድሮ አንድ ክፍል አብሮን የተማረ ሰው ነው፤ በዓመት አንዴ እንኳን የማንደዋወል ስለሆንን ገና ድምፁን ስሰማ አንድ ሰው እንደሞተ ገብቶኛል። በእኛ ዕድሜ ስልክ የሚደወለው ለለቅሶና ለሠርግ ነው፤ የሠርጉ ደግሞ እየቀነሰ መጥቷል። «ማንያዘዋል አረፈ» አለኝ። «የትኛው ማንያዘዋል?» አልኩት፣ ሌላ ማንያዘዋል የማውቅ ይመስል። «የእኛው ነዋ! ጠያቂው!» አለኝ። የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን ነገረኝ። እሺ ብዬ ዘጋሁና ምስሩን ለቅሜ ጨረስኩ። አላለቀስኩም። እስካሁንም አላለቀስኩም፤ ስጽፈው ምክንያቱ ይገባኝ ይሆናል ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ትምህርት ቤታችን ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ወደ ቦሌ ሲኬድ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ እስከ አሥራ ሁለተኛ እኔና ማንያዘዋል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል፤ መርጠን አይደለም፣ በቁመት ሲያስቀምጡን ተገናኘን፣ ከዚያ ማንም አላነሳንም። እሱ የሚመጣው ከገርጂ ነው። ያኔ ገርጂ ዛሬ እንደምታዩት ፎቅ በፎቅ አልነበረም፤ ሣርና ረግረግ ነበር፣ በክረምት ጫማውን በእጁ ይዞ መጥቶ በር ላይ ያደርገዋል።

ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው። ማን ያዘዋል? እናቱ ወይዘሮ ሽታዬ ስሙን ያወጡለት ገና ሳይወለድ አባቱ ስለሞቱ ነው። «ከእንግዲህ ይሄን ልጅ ማን ያዘዋል?» ብለው አለቀሱ፣ የሰማው ሁሉ እንደ ስም ያዘው፣ በዚያው ጸደቀ። እኛ ደግሞ አሳጥረን «ማን» እንለው ነበር። መምህር ስም ሲጠሩ የቀረ ተማሪ ካለ «ማን ቀረ?» ይላሉ፤ እኛ «ኧረ ማን አልቀረም፣ ማን እዚሁ አለ» ብለን እንስቃለን። ዕድሜያችን የሚያስቀው እንዲህ ያለው ነገር ነበር።

ጥያቄ ሲመጣበት እኔ ከሁሉም ቀድሜ አውቃለሁ። መጀመሪያ በእርሳሱ ጫፍ ጆሮውን ያካል። ቀጥሎ እጁን ያነሳል፤ ግን እንደ ሰው ቀጥ አድርጎ አይደለም፣ ላንሳ አላንሳ እያለ እንደሚማከር ሰው ግማሽ ድረስ ብቻ። ከዚያ «አንድ ነገር አልገባኝም» ይላል። አንድ ነገር ብሎ በአንድ ያቆመበትን ቀን አላስታውስም። ፊዚክስ የምንማረው ከምሳ በፊት ባለው ክፍለ ጊዜ ስለነበር ያ እጅ ሲነሳ ከኋላ «ኧረ ማን፣ በናትህ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። እኔም እንደማንኛውም ሰው ይርበኛል፤ በሆዴ ስንቴ እንደረገምኩት እግዜር ይቁጠረው።

የፊዚክስ መምህራችን ቲቸር አስገዶም ይባላሉ። ከትግራይ የመጡ፣ ረጅም፣ የኮታቸው ኪስ ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ ሰው ናቸው። ሲያስተምሩ ቀልድ አያውቁም፤ ግን አንድ የሚወደድ ነገር ነበራቸው። የማያውቁት ነገር ሲጠየቁ አይቆጡም፣ አይቀባጥሩም። «እሱን ነገ» ይላሉ። በነጋታው ደግሞ የእውነት አንብበውት ይመጣሉ። ከእሳቸው በፊትም በኋላም «እሱን ነገ» ብሎ ነገውን ያከበረ አስተማሪ አልገጠመኝም።

ትምህርት ቤታችን ያለው አውሮፕላን የሚያርፍበት መንገድ ሥር ነው። አንዱ በላያችን ባለፈ ቁጥር ቲቸር አስገዶም ጠመኔውን ይዘው ይቆማሉ፣ ጩኸቱ ሲያልፍ ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ። አንድ ቀን ገና ከመቀጠላቸው ማንያዘዋል ጆሮውን አከከ።

«አንድ ነገር አልገባኝም ቲቸር። አውሮፕላኑን የማየው እዚህ ጋ ነው፤ ድምፁ የሚመጣው ግን ከወዲያ ነው። የማየውና የምሰማው አንድ አውሮፕላን አይደለም ማለት ነው?»

«አንድ ነው። ድምፅ ከብርሃን ስለሚዘገይ ነው።»

«ታዲያ አሁን ከእርስዎ የምሰማውም አሁን የሚሉትን ሳይሆን ቅድም ያሉትን ነው?»

ቲቸር አስገዶም ትንሽ አሰቡ። «ቅድም እንኳን አይባልም፣ በጣም ትንሽ ናት። ግን አዎ» አሉ።

«ስለዚህ ሰው ሲያወራ አሁን የሚለውን ማንም ሰምቶት አያውቅም።»

ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ሰሌዳው ላይ የድምፅን ፍጥነት ጽፈው ከፊተኛው ዴስክ እስከ ኋለኛው ምን ያህል እንደሚዘገይ አሠሩን፣ የምሳ ደወል ተደውሎ እኛ ሒሳብ ላይ ነበርን።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን ደግሞ ከባንዲራው እንጨት ጋር ተያያዘው። በምሳ ሰዓት እኛ ስንበላ እሱ ግቢው መሃል ይቆምና የእንጨቱ ጥላ በደረሰበት ቦታ ጠጠር ያስቀምጣል። ሊያጣራ የፈለገው ስድስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይ እውነት አናት ላይ መሆኗን ነበር። አልሆነችም። ሬዲዮው ስድስት ሰዓት ብሎ ዜና አንብቦ ጨርሶ እንኳን ጥላው ገና እያጠረ ነበር፤ በጣም ያጠረው ወደ ስድስት ተኩል ሲጠጋ ነው። «ሬዲዮው ቸኩሎ ነው ፀሐይዋ ዘግይታ?» እያለ ለሳምንት አሰለቸን። ዘበኛው አንድ ሁለቴ «አንተ ልጅ፣ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ምን ትቀብራለህ?» ብሎ አባሮታል፤ እሱ ዘወር ብሎ ይመለሳል።

ከፋሲካ በኋላ ነገሩ ባሰ። ዓመቱን ሙሉ በቀትር ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ይተኛ የነበረው ጥላ ዞሮ ወደ ሽንት ቤቱ መተኛት ጀመረ። መጽሐፋችን ከምድር ወገብ ሰሜን ላሉ አገሮች የቀትር ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ነው ይላል፤ እኛ ከምድር ወገብ ሰሜን ነን፣ ጥላችን ግን ወደ ደቡብ ሄደ። ማንያዘዋል ቲቸር አስገዶምን እጃቸውን ሊይዝ ምንም አልቀረው፣ ወስዶ አሳያቸው። ፀሐይዋ ፊታቸውን እያቃጠለቻቸው ቆመው ጠጠሮቹን አዩ።

«መጽሐፉን የጻፈው ሰው እዚህ አልኖረም» አሉ።

«ታዲያ ለእኛ ማን ይጻፍልን?»

«አንተ» አሉት። እንደዋዛ አልነበረም ያሉት። ከዚያን ቀን በኋላ ይሄ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ፊዚክስ እንደሚያጠና ሁሉም ሰው ያለቀ ነገር አድርጎ ያወራ ጀመር፤ እናቱም፣ እኛም፣ ለምሳ ያዘገያቸው ልጆች እንኳን። ቲቸር አስገዶም ያነበቧቸውን መጻሕፍት እያመጡ ይሰጡት ነበር። እኔ እንዲህ በአንድ ሰው ላይ ተስፋ ሲጣል ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለ ክብ እንቅስቃሴ ስንማር ነው ነገሩ የተነሳው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኛ ከየቃሉ በላይ በእርሳስ አማርኛውን እንጽፋለን። ፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ ተነስቶ እንዲተረጉም ታዘዘና፣ ሪቮሉሽን የምትለውን ቃል በየቀኑ ከሬዲዮ በሚሰማት አማርኛ መልሶ «ምድር በፀሐይ ዙሪያ በዓመት አንድ ጊዜ አብዮት ታካሂዳለች» አለ። ሳቅን። ሳቁ መሃል ላይ በምን እየሳቅን እንደሆነ ገባንና ዝም አልን። ቲቸር አስገዶም በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ።

«ዙረት በሉ» አሉ ቀስ ብለው።

እንደገና ሳቅ ሆነ፤ ምክንያቱም እናቶቻችን ዙረት የሚሉት ከትምህርት ቤት በጊዜ ቤቷ የማትገባ ልጅን ጠባይ ነው። አንዱ «ምድር ዙረት ታበዛለች» አለና በዚያው አለፈ። ማንያዘዋል ብቻ አልሳቀም። እጁ ግማሽ ላይ ነበር።

«አንድ ሙሉ ሪቮሉሽን አለቀ የሚባለው መቼ ነው?»

«የተነሳችበት ቦታ ስትመለስ።»

«እንደ ሃያ ሁለት ቁጥር አውቶቡስ? ማዞሪያው ላይ ዞሮ እንደሚመለሰው?»

«እንደሱ በለው» አሉ። እኔ በእርሳስ «ዙረት» ብዬ ጻፍኩ። እሱ ምንም አልጻፈም። አውቶቡሱን እያሰበ ነበር።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ከበላይ አካል አንድ ካድሬ መጥቶ ንግግር እንደሚያደርግ ተነገረን። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፤ እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ መጨረሻ «ጥያቄና አስተያየት» የሚባል ሰዓት አለ። ሰው ካልጠየቀ አልነቃም፣ አልተደራጀም ተብሎ ትምህርት ቤቱ ይወቀሳል፤ ሰው ያሰበውን ከጠየቀም አይሆንም። ስለዚህ የፖለቲካ አስተማሪያችን ጥያቄዎቹን አስቀድሞ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ያድለናል፣ እኛ እየተነሳን እናነባለን። ለእኔ የደረሰኝ ወጣቱ ለምርት ዕድገት ስላለው አስተዋጽኦ ነበር። ለማንያዘዋል የደረሰው «አብዮታችን አሁን በምን ደረጃ ላይ ይገኛል?» የሚል ነው። ከሁሉም ቀላሉ እሱ ነበር።

እንግዳው በዕድሜ የገፋ አልነበረም፤ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ፈገግታ የማይጠፋው ሰው ነው። ክፉ ሰው ነበር ብዬ አሁንም አፌን ሞልቼ አልናገርም፤ ሥራውን ነው የሚሠራው። ጥቂት ልጆች አነበቡ፣ እሱም መለሰ። ማንያዘዋል ተነስቶ ወረቀቱን ሲዘረጋ እንግዳው እጁን አነሳ።

«ይሄን ጥያቄ በየሄድኩበት ትምህርት ቤት ሰምቼዋለሁ» አለ እየሳቀ። «አንተ ወጣት፣ ወረቀቱን ኪስህ ክተትና የእውነት ያልገባህን ጠይቀኝ።»

ለማንያዘዋል የማይባለውን ነገር አለው። አጠገቡ ስለነበርኩ ሹራቡን ወደ ታች ጎተትኩት፤ አላወቀኝም። ወረቀቱን በሥርዓት አጥፎ ኪሱ ከተተ። ጆሮውን አከከ።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አለ። «በፊዚክስ ሪቮሉሽን ማለት ዞሮ ወደ ተነሱበት መመለስ ነው። አንድ ሙሉ ሪቮሉሽን የሚባለው የተነሱበት ሲደረስ ነው። የእኛ አብዮት አሁን ያለው ከማዞሪያው በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

አዳራሹ ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያ ነገር አንድ ልጅ ከኋላ በአፍንጫው ሲስቅ ነው። ማንያዘዋል መልሱን እየጠበቀ ቆሟል። ፊቱ ላይ ተንኮል የለም፤ ሊያውቅ ፈልጎ ነው። ይሄንን የማውቀው አጠገቡ ስለተቀመጥኩ ነው፤ መድረክ ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን እንዴት ይታያል?

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ እንግዳው። ፈገግታው አልጠፋም። «ስምህ ማነው?»

«ማንያዘዋል።»

ያ ከኋላ የሳቀው ልጅ መቻል አቅቶት ደገመው። እንግዳው ስሙን እንደገና አለው፣ አሁን ግን ለሁለት ከፍሎ፣ ቀስ ብሎ፤ «ማን፣ ያዘዋል?» አለ። ወደ ጎኑ ወዳለው ሰው ዞር አለና «እሱን እናጣራለን» አለ።

ቲቸር አስገዶም ከመምህራን መደዳ ተነሱ። «ጓድ፣ ይቅርታ፣ የቋንቋ ስህተት ነው። እኔ ነኝ ያስተማርኩት፣ መጽሐፉ ላይ…» ማለት ጀምረው ነበር፤ ሰብሳቢው ሰዓት የለም አላቸው። ስብሰባው እንደወትሮው በመፈክር ተዘጋ። ሁላችንም ግራ እጃችንን አነሳን። እሱም አነሳ። ወደ ክፍል ስንመለስ «አልመለሰልኝም እኮ» አለኝ።

በነጋታው ፊዚክስ እየተማርን ሁለት ሰዎች በር ላይ ቆመው ስሙን ጠሩ። ቲቸር አስገዶም «ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ነው፣ ይጨርስ» አሉ። ሰዎቹ መልስ አልሰጧቸውም። ማንያዘዋል ተነሳ፤ ወደ ዴስኩ አየ፣ ወደ ሰዎቹ አየ።

«መጽሐፌን ልያዝ ወይስ እመለሳለሁ?» አላቸው።

«ተወው» አለው አንደኛው። ከማንያዘዋል አፍ የሰማሁት የመጨረሻ ጥያቄ ይሄ ነው።

በአማርኛችን እስረኛ የሚያይ ሰውም ጠያቂ ይባላል። ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት። ወይዘሮ ሽታዬ በአንድ ሆቴል አንሶላ አጣቢ ነበሩ፤ ከሥራ መልስ ምሳ ዕቃ ይዘው እሱ የታሰረበት ግቢ በር ላይ ይሰለፋሉ፣ እኔም ከትምህርት ቤት ስወጣ አብሬያቸው እቆማለሁ። ዘበኛው ብቅ ይልና «ጠያቂዎች፣ ግድግዳውን ያዙ!» ይላል። ግድግዳውን እንይዛለን። ምሳ ዕቃው ይገባል፣ ባዶው ይወጣል። ባዶ ሆኖ ከወጣ አለ ማለት ነው። ወይዘሮ ሽታዬ ክዳኑን ከፍተው ያያሉ፣ ይዘጉታል፣ እንሄዳለን።

አንድ ቀን ተሰልፈን ሳለን ቲቸር አስገዶም የትምህርት ቤቱን ሉል በብብታቸው ይዘው መጡ። ያን ትልቁን፣ ጂኦግራፊ የምንማርበትን። ሰልፈኛው ሁሉ አያቸው። ዘበኛው አስቆማቸው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ምድር ናት» አሉ።

«ውስጡ ምን አለ?»

«ባዶ ነው።»

ዘበኛው ተቀብሎ ወዘወዘው፤ ጆሮውን አስጠግቶ አንኳኳው። ከዚያ አስገባቸው። ሲወጡ እጃቸው ባዶ ነበር፤ ሉሉ ለማስረጃ ተይዟል ተብለዋል። ወይዘሮ ሽታዬ ጠጋ ብለው «ልጄን አዩት?» አሏቸው። ቲቸር አስገዶም አላየሁትም አሉ። ምድር በፀሐይ ዙሪያ እንዴት እንደምትዞር የመርማሪው ጠረጴዛ ላይ ሉሉን አዙሬ አሳየኋቸው፣ ሪቮሉሽን ይሄ ነው አልኳቸው፣ መጽሐፉንም ገለጥኩላቸው አሉ። መርማሪው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጣቸው። ሲጨርሱ «ምድር ትዙር፣ እኛ ምን አገባን። እኛ የምንፈልገው ልጁን ያዘዘውን ሰው ነው» አላቸው።

ለካ ውስጥ የሚጠይቁት ይሄንኑ ብቻ ነበር። ማን አዘዘህ? ማን ነው ይህን ጥያቄ የሰጠህ? እንደዚህ ያለ ጥያቄ ከራሱ የሚመጣበት ሰው መኖሩን ማንም ሊያምነው አልቻለም። እሱ ደግሞ ምን ብሎ ይመልስ? አውቶቡስ አይቼ ነው ይበል?

ፈቱት። ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ጥላው እንደገና ወደ ሽንት ቤቱ በሚተኛበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ፀጉሩ ተላጭቷል፣ ጆሮው ትልቅ ሆኖ ታየኝ። «ደህና ነህ?» አልኩት። «ደህና ነኝ» አለኝ። «ምን አደረጉህ?» አልኩት። «ምንም» አለኝ። መጽሐፉን ሰጠሁት፤ አመስግኖ ተቀበለ። በምሳ ሰዓት ከእኛ ጋር ተቀምጦ በላ። የባንዲራውን እንጨት ዞር ብሎም አላየው።

ቲቸር አስገዶም ሳምንቱን ሙሉ ታገሡ። ትምህርት ሲጨርሱ «ያልገባው አለ?» ይሉና ወደ እኛ ዴስክ ሳያዩ ይቆማሉ፤ ሆን ብለው እንደማያዩ ያስታውቃሉ። ዝም ነው። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ነገር አደረጉ። ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ድምፅ ከብርሃን ይፈጥናል» ብለው ጻፉ። ጠመኔውን አስቀምጠው እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ።

ክፍሉ ውስጥ ስህተቱን ያላየ አልነበረም። ሰነፉም አይቶታል። ግን ማንም እጁን አላነሳም፤ ለማን እንደተጻፈ ገብቶናል። እነዚያ «በናትህ ማን» የሚሉት ልጆች እንኳን ሰሌዳውን ትተው እሱን ነበር የሚያዩት። የምሳ ደወል ተደወለ፣ ማንም አልተነሳም። ማንያዘዋል እስክሪብቶውን አነሳ። ደብተሩን ገለጠ። ቀና ብሎ ሰሌዳውን አየ፣ ከዚያ በዚያ ባማረ ጽሕፈቱ «ድምፅ ከብርሃን ይፈጥናል» ብሎ ገለበጠ። ከሥሩ አሰመረበት።

ቲቸር አስገዶም ሰሌዳውን ራሳቸው አጠፉት። በዳስተሩ አይደለም፣ በኮታቸው እጅጌ። «ሂዱ ብሉ» አሉን። እኔ ያን ቀን መናደድ እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ ማልቀስም እንዳለብኝ አውቃለሁ። ሄጄ በላሁ።

የቀረው ቶሎ ያልቃል። ማትሪክ ወሰድን፤ እሱ በፊዚክስ ከሁላችን በላይ አመጣ፣ ከዚያ ግን ሒሳብ አያያዝ መርጦ ኮሌጅ ገባ። ሰው ሁሉ ተገረመ፣ ማንም ግን ለምን አላለውም። ቲቸር አስገዶም በክረምቱ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛወሩ፤ ደግሜ አላየኋቸውም። ማንያዘዋል የአንድ ዕቃ አስመጪ መጋዘን ውስጥ ተቀጠረና እዚያው ጡረታ ወጣ። ደርግ ሲወድቅ አገሩ ሁሉ አፍ አወጣ፤ ታክሲ ውስጥ፣ ሻይ ቤት፣ ሰው ያልጠየቀው ነገር አልነበረም። እኔ በሞኝነቴ አሁን ይመለሳል ብዬ ነበር።

አንድ ጊዜ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ኢምፔሪያል አካባቢ ታክሲ ስጠብቅ አገኘሁት። ሸብቷል፣ ልብሱ ንጹሕ ነው። ሰላም ተባባልን። ሚኒባስ መጣ፣ ረዳቱ ወዴት እንደሚሄድ አልጮኸም። እኔ «መገናኛ ነህ?» ብዬ ጠየቅኩት። ማንያዘዋል ረዳቱ ራሱ እስኪናገር ዝም ብሎ ቆሞ ነበር። ገብተን ስንቀመጥ ፈገግ ብሎ «ቅድም ሁለቱ አመለጡኝ» አለኝ። ሁለቱም ባዶ ነበሩ አለ፣ ወዴት እንደሚሄዱ አላወቅኩም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ከፊዚክስ አልፎ የት ድረስ እንደሄደ ያየሁት። ልጆቹ ስንት እንደሆኑ ጠየቅኩት፣ ስለ ሥራው ጠየቅኩት፤ መለሰልኝ። እኔን ግን እንዴት ነሽ እንኳን ሳይለኝ መገናኛ ደረስን። ስወርድ የእኔንም ከፍሎ ነበር።

ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ ተነበበ። የት እንደተወለደ፣ የት እንደሠራ። «ወንድማችን ማንያዘዋል ዝምተኛ፣ ታዛዥና ጨዋ ሰው ነበር» ሲባል ሰው ራሱን ነቀነቀ። ያነበበው ወጣት ምን ያውቃል፣ ያየውን ነው የተናገረው። አጠገቤ የቆመው ያ የደወለልኝ ሰው አየኝ፣ እኔም አየሁት፣ ሁለታችንም መሬት አየን።

በሦስተኛው ቀን ወደ ቤቱ ሄድኩ። ባለቤቱ ወይዘሮ ዘነበች ድንኳኑ ጥግ ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ማን እንደሆንኩ ሲነገራቸው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

«አብራችሁ ተማራችሁ አሉኝ» አሉ።

«አንድ ዴስክ ላይ» አልኳቸው።

ስለ ሕመሙ አወሩኝ። ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር፣ ሁሉንም በዝርዝር አስረዳው አሉኝ። ሲጨርስ «የሚጠይቁት ነገር አለ?» አለው። እሱ «የለም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ኮቱን ለብሶ ወጣ። «እኔ ነኝ ከደረጃው ላይ ተመልሼ ይድናል ወይ ብዬ የጠየቅኩት» አሉ። ሐኪሙ የመለሰላቸውን አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

«ልጅ እያለ እንዴት ነበር? እሱ ስለ ትምህርት ቤት አንድም ቀን አውርቶልኝ አያውቅም» አሉኝ።

«ይጠይቅ ነበር» አልኳቸው።

«ምን?»

«ሁሉንም ነገር።»

ስለ አውሮፕላኑ ነገርኳቸው። ስለ ባንዲራው እንጨትና ስለ ጠጠሮቹ፣ ሬዲዮው ቸኩሎ ነው ፀሐይዋ ዘግይታ ሲል ዘበኛው እንዴት እንዳባረረው። ምሳ እስክንዘገይ ድረስ እንዴት እንደሚያሰለቸን። ወይዘሮ ዘነበች መጀመሪያ የሌላ ሰው ታሪክ እንደምነግራቸው ሁሉ ነበር የሚያዩኝ፤ ከዚያ በመሃል አንዴ ሳቁ፣ ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ዞረው እስኪያዩን ድረስ። ስለ አዳራሹና ከዚያ በኋላ ስለሆነው የነገርኳቸው ባጭሩ ነው።

«እኔን እንኳን ታገቢኛለሽ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም» አሉ ቆይተው። «አንድ ግቢ ነው የምንሠራው። በየቀኑ ሰላም ይለኛል፣ ያልፋል። አንድ ቀን ቤት ስገባ ሽማግሌ ልኮ አገኘሁ። ከተጋባንም በኋላ የት ዋልሽ የለ፣ ለምን የለ፣ ምን ሆነሽ ነው የለ። ሳለቅስ ያገኘኝ ጊዜ እንኳን ውሃ አምጥቶልኝ አጠገቤ ቁጭ ይላል እንጂ። ጎረቤቶቼ ሲቀኑብኝ ኖሩ። እናቴም እንዲህ ያለ ባል ከየት ይገኛል ትለኝ ነበር።»

የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉት።

«እኔም ጨዋነት መስሎኝ ነበር» አሉ።